ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሻገር የሚዛባው ስላይድ

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የግብርና ሥልጠና ሲሰጥ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ይወጠራል፤ ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ ባለሙያውም ከላፕቶፑ ስላይድ እያሳየ ያስረዳል። ስላይዱ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ቦታ የተሰናዳ አይደለም። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እየተላለፈ የመጣ ነው። በጉዞው የሚያልፍባቸው ኮምፒውተሮችም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የማይክሮሶፍት ፓወር ፖይንት አለው፤ ሌላው ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊብሬ ኦፊስ ይጠቀማል፤ ላፕቶፕ ያልያዘ ባለሙያ ደግሞ ፋይሉን በእጅ ስልኩ ላይ ባለው ደብሊው ፒ ኤስ ይከፍተዋል።

በፎገራ ወይም በደራ በመስኖ ሽንኩርት ለሚያለሙ አርሶ አደሮች ስለ ጸረ ተባይ ኬሚካል አጠቃቀም የሚያስረዳ አንድ ስላይድ ተዘጋጅቷል እንበል። አምስት መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው የተባዩን ስም ይናገራል፤ ሁለተኛው በሄክታር የሚያስፈልገውን የኬሚካል መጠን፣ ሦስተኛው የሚቀላቀለውን ውኃ፣ አራተኛው ረጪው የሚለብሰውን መከላከያ ይገልጻል። አምስተኛው ከርጭት በኋላ ምርቱ ሳይነሣ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ያስታውቃል። ስላይዱ በተሰናዳበት ኮምፒውተር ላይ አምስቱም መስመሮች በልክ ተቀምጠዋል። በወረዳው ኮምፒውተር ሲከፈት ግን ፊደሎቹ ጥቂት ሰፍተው ይገኛሉ፤ አራተኛው መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ አምስተኛው ከስላይዱ የታችኛው ጠርዝ ያልፍና ከእይታ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የሚታየው አራት ነጥብ ብቻ ነው።

ፊደሉ የተዛባ ጽሑፍ ቢታይ ከተሳታፊዎቹ አንዱ እጁን አንሥቶ ይጠይቃል። የቀረ መስመር ግን መቅረቱን የሚያሳብቅ ምልክት የለውም፤ ሠልጣኙም አሠልጣኙም ሳያውቁት ያልፋል። የመቆያ ቀኑ የሚወሰነው በምርቱ ላይ የቀረው ኬሚካል ለተመጋቢው ጉዳት ወደማያደርስበት መጠን እስኪወርድ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ነው። ያ ጊዜ ሳይጠበቅ የተነቀለ ሽንኩርት በማግሥቱ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የስላይድ መዛባት የጸሐፊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጣጣ ብቻ ተደርጎ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ከማሳው ባለቤት ጀምሮ እስከ ከተማው ሸማች ድረስ ይደርሳል።

የችግሩ ሥር ያለው ቴምፕሌት በሚባለው ነገር ውስጥ ነው። ቴምፕሌት ማለት ጽሑፍ ከመጻፉ በፊት የሚሰናዳ የስላይድ ቅርጽ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ የት እንደሚያርፍ፣ ርእሱ በምን መጠን እንደሚጻፍ፣ ከርእሱ ሥር ያለው ጽሑፍ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ቀለም ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ይወስናል። መሥሪያ ቤቶች አንድ ጊዜ አዘጋጅተው ለየቅርንጫፎቻቸው የሚልኩትም ሥራው አንድ መልክ እንዲኖረውና እያንዳንዱ ባለሙያ ከባዶ እንዳይጀምር ነው።

ይህን ለመረዳት የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ ቀለም ያሰምራል፤ ዓምዶቹንም ይለያል። መስመሩ ራሱ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን እርሱ ነው። ኾኖም በብራናውና በኮምፒውተሩ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የብራናው መስመር ከቆዳው ጋር ይኖራል፤ መጽሐፉ ከክብራን ገብርኤል ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ በታንኳ ቢሻገር አንድም መስመር ቦታውን አይለቅም። የኮምፒውተሩ ቴምፕሌት ግን ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰመራል። የሚያሰምረውም በዚያ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው። ወስፌውን የያዘው እጅ በየቢሮው ይለያያል ማለት ነው።

ነገሩን በዓይን ለማየት ለሚሻ ሰው ቀላል መንገድ አለ። ከፓወር ፖይንት 2007 ወዲህ የሚሠራባቸው፣ የስማቸው መጨረሻ «ፒፒቲኤክስ» የኾነ ፋይሎች በእርግጥ የታመቁ የዚፕ ጥቅሎች ናቸው። የፋይሉ ቅጂ ላይ መጨረሻውን ወደ «ዚፕ» ቀይሮ የከፈተ ሰው በውስጡ በርካታ ትናንሽ ፋይሎችን ያገኛል። ለእያንዳንዱ ስላይድ አንድ ፋይል አለ፤ ዋናውን ቅርጽ ለሚይዘው ማስተር ስላይድ ሌላ፤ የቀለማቱንና የፎንቶቹን ምርጫ ለሚይዘው ክፍል ደግሞ ሌላ። ፎቶግራፎቹ ለብቻቸው በአንድ አቃፊ ተቀምጠዋል። ጽሑፉ ያለባቸው ፋይሎች ሥዕል ሳይኾኑ ትእዛዝ ናቸው፤ ይህን ርእስ በዚህ ፎንት፣ በዚህ መጠን፣ ከግራው ጠርዝ ይህን ያህል አርቀህ አስቀምጥ ይላሉ። ፎንቱ ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ ውስጥ የለም። ያለው ስሙ ብቻ ነው።

ትእዛዙን የሚቀበሉት ፕሮግራሞች ደግሞ የተለያየ ትውልድ አላቸው። ፓወር ፖይንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1987 ለአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲኾን፣ የሠራው ፎርሶውት የተባለ አነስተኛ ድርጅት ነበር፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ድርጅቱን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የፋይሉ ውስጣዊ አሠራር ለሌሎች በግልጽ ስላልቀረበ፣ ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ምስጢሩን በሙከራ ነበር የሚፈቱት። ማይክሮሶፍት የቀድሞውን ፋይል አሠራር የሚገልጸውን ሰነድ በድረ ገጽ ላይ ለማንኛውም ሰው ክፍት ያደረገው እ.ኤ.አ በ2008 ነው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ጉዳዩን ተመልክቶታል። እ.ኤ.አ በ2006 ሊብሬ ኦፊስና መሰሎቹ የሚጠቀሙበትን የፋይል ዓይነት፣ በ2008 ደግሞ ማይክሮሶፍት የሚጠቀምበትን በየተራ ደረጃ አድርጎ አውጥቷል። ደረጃ የሚወጣው ሁሉም በአንድ ልክ እንዲሰፍር ነበር፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ቁና መውጣቱ ለተጠቃሚው ብዙም እፎይታ አልሰጠም። ዛሬ ሊብሬ ኦፊስ የፓወር ፖይንትን ፋይል ይከፍታል፤ ፓወር ፖይንትም የሊብሬ ኦፊስን የስላይድ ፋይል ያነብባል። ኾኖም አንድን ቋንቋ ተምሮ ማንበብና በዚያው ቋንቋ አፍን መፍታት እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ሁለቱም የሌላውን ፋይል የሚረዱት በትርጉም ነው።

ትርጉሙ የሚሰናከልበት አንዱ ቦታ የቴምፕሌቱ አደረጃጀት ነው። በፓወር ፖይንት አንድ ማስተር ስላይድ ሥር ተጠቃሚው እንደፈለገ የሚነድፋቸው ብዙ አቀማመጦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ለርእስ ገጽ፣ አንዱ ለጽሑፍ፣ አንዱ ለጽሑፍና ለፎቶግራፍ። በሊብሬ ኦፊስ የስላይድ ክፍል፣ ማለትም በኢምፕረስ፣ የአቀማመጦቹ ዓይነት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከፓወር ፖይንት የመጣን ቴምፕሌት ሲከፍት እያንዳንዱን አቀማመጥ ራሱን እንደቻለ ማስተር ይቆጥረዋል። በፓወር ፖይንት በአንድ ቦታ ተለውጦ ያበቃ የነበረው ዓርማ በኢምፕረስ በየማስተሩ እየተዞረ መለወጥ ይኖርበታል። ፋይሉ ተመልሶ ወደ ፓወር ፖይንት ሲሄድ ደግሞ ማስተሮቹ ተባዝተው ይታያሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ቴምፕሌት የመጀመሪያ ባለቤቱ እንኳ የማያውቀው እስኪኾን የሚወሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ግን ከሁሉ የከፋው የፎንት ነገር ነው። ላቲን ፊደል የሚጠቀም ሰው ፎንቱ ቢጎድልበት ተቀራራቢ ቅርጽ ያለው ሌላ ፎንት በቀላሉ ይተካለታል። የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር የመጣበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ አዘጋጅ የግእዝ ፊደላትን ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡ ቁጥሮች ላይ በራሱ አደራደር ያስቀምጥ ነበር። በብዙ ቢሮዎች የሚታወቁት የቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግእዝና የፓወር ግእዝ ፎንቶች በዚህ አሠራር የተዘጋጁ ናቸው። ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ እንደ ጭምብል ስለሸፈነው ብቻ ነው። ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሻገር ጭምብሉ ይወልቅና ርእሱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ኾኖ ይቀራል።

መፍትሔው የመጣው ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው 3ኛው እትም 345 የግእዝ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን አካቷል። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ቁጥሩ 4608 ነው። «ጣና» ተብሎ ሲጻፍም በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡት 4899 እና 4755 ናቸው። ፎንቱ ቢለወጥ የፊደሉ መልክ ይለወጣል እንጂ ማንነቱ አይጠፋም። ፎንቱ ፈጽሞ ባይኖር እንኳ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ይታያል እንጂ ሌላ ፊደል አይተካም። የሙያው ሰዎች እነዚህን ነጭ ሳጥኖች ከአኩሪ አተር በሚሠራው የሩቅ ምሥራቅ ምግብ ስም «ቶፉ» ይሏቸዋል። ጉግል ያሠራቸው የኖቶ ፎንቶች ስምም «ቶፉ አይኑር» ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የተወሰደ ነው።

ችግሩ በዩኒኮድ ተፈትቶ አላለቀም። የአምስተኛው መስመር መውደቅ ከዚህ የሚጀምር ነውና እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያሻል። እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ። የፓወር ፖይንት መደበኛ ቴምፕሌትም በውስጡ ለየዓለም ፊደላቱ የሚመረጠውን ፎንት የሚዘረዝር ክፍል አለው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ለግእዝ የተጻፈው ስም ኒያላ ነው። በኋላ ግን በዊንዶውስ 10 ኒያላ ተጠቃሚው ፈልጎ የሚጨምረው ተጨማሪ ፎንት ኾነ፤ ቦታውን ኢብሪማ ያዘ። በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የግእዝ ፎንት ከፋ ይባላል። በዘመኑ የእጅ ስልኮችም የግእዝ ፊደል የሚታየው በብዛት በኖቶ ፎንት ነው። ስለዚህ ኒያላን የሚጠራ ቴምፕሌት ኒያላ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ በእጁ ያለውን ይተካል፤ መተካቱንም ብዙ ጊዜ አይናገርም።

እነዚህ ፎንቶች ደግሞ በመጠን እኩል አይደሉም። ሁሉም «24» ተብለው ቢጻፉ ኒያላ ከብዙዎቹ ያነሰና የጠበበ ኾኖ ይታያል። በኒያላ በአንድ መስመር ያለቀ ዐረፍተ ነገር በሌላው ፎንት ወደ ሁለተኛ መስመር ይሻገራል። የአማርኛ ቃል ጠባይም ያባብሰዋል። እንግሊዝኛ በበርካታ አጫጭር ቃላት የሚለውን አማርኛ «እንዳይጠቀሙባቸው» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሳል፤ ፕሮግራሞቹም ረጅሙን ቃል ከመካከሉ ቆርጠው በሰረዝ ከማሻገር ይልቅ ሙሉ ቃሉን ወደ ታች ያወርዱታል። በዚህ ላይ ጽሑፉ ከሳጥኑ እንዳይተርፍ ራሱ እንዲያንስ የሚያደርገው ስልት በየፕሮግራሙ የተለያየ ስሌት አለው። ፓወር ፖይንት አሳንሶ ያስገባውን ጽሑፍ ሌላው በሙሉ መጠኑ ሊያሳየውና ከገጹ ሊያወጣው ይችላል።

ቀለምም እንዲሁ ይንሸራተታል። በጣና ላይ እ.ኤ.አ በ2011 የታየው የእምቦጭ አረም በየጊዜው የያዘውን የሐይቅ ዳርቻ የሚያሳዩ ካርታዎች በሥልጠናና በስብሰባ ላይ ይቀርባሉ። ካርታው በፕሮግራሙ መሣያ የተሠራ ከኾነና አረሙ ያለበት ቦታ በቀይ፣ የጸዳው በአረንጓዴ ተቀብቶ ከኾነ፣ ቀለሙ በሁለት መንገድ ሊመዘገብ ይችላል። አንደኛው «ቀይ» ብሎ ነው። ሁለተኛው «የዚህ ቴምፕሌት ሁለተኛ ቀለም» ብሎ ነው። በሁለተኛው መንገድ የተቀባ ካርታ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቴምፕሌት ተገልብጦ ሲገባ የዚያን ቴምፕሌት ሁለተኛ ቀለም ይወስዳል፤ ቀዩ ሰማያዊ፣ አረንጓዴው ግራጫ ሊኾን ይችላል። ከካርታው በታች «ቀይ፦ አረም ያለበት» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን እርሱ ፊደል ስለኾነ አይለወጥም። በዚህን ጊዜ ተመልካቹ በካርታው ላይ የሌለ ቀለም ይፈልጋል። ስላይድ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላው ሲገለበጥ የምንጩ መልክ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ምርጫ በፓወር ፖይንት አለ፤ ሳይመረጥ ከቀረ ግን በአብዛኛው አዲሱ ቤት የራሱን ቀለም ያለብሳል። ካርታና ንድፍን እንደ ፎቶግራፍ አስቀምጦ ማስገባት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የገጹ ስፋትም መታየት አለበት። ከፓወር ፖይንት 2013 ጀምሮ አዲስ ስላይድ ሲከፈት ቅርጹ ሰፊው 16 በ9 ነው፤ ከዚያ በፊት 4 በ3 ነበር። በየቢሮው ያሉ አሮጌ ፕሮጀክተሮች ደግሞ ለ4 በ3 የተሠሩ ናቸው። ሰፊው ገጽ በእነርሱ ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር ባዶ ቦታ ይተውና ጽሑፉ ያንሳል፤ ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠ አረጋዊ አርሶ አደር ማንበብ ይሳነዋል።

ብዙዎች ለዚህ ሁሉ የሚያቀርቡት መልስ ስላይዱን በፒዲኤፍ መላክ ነው። ለማሳየት ብቻ ለሚውል ጽሑፍ ትክክል ነው። ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ በ1993 የወጣው ገጹ በየትኛውም መሣሪያ አንድ ዓይነት ኾኖ እንዲታይ ታስቦ ሲኾን፣ ከፓወር ፖይንትም ኾነ ከሊብሬ ኦፊስ ሲዘጋጅ በአብዛኛው የፎንቱን ቅርጽ ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ በእጅ ስልክም ሲከፈት አምስቱ መስመሮች አምስት ኾነው ይታያሉ። ለግብርና ሥልጠና ግን በራሱ አይበቃም። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በየትም ቦታ ቢወሰድ 19 በመቶ ናይትሮጂን፣ 38 በመቶ በፎስፌት የሚለካ ፎስፈረስና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል፤ በሄክታር የሚያስፈልገው መጠን ግን እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ ይለያያል። በፎገራ ሜዳ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ለሩዝ የሚመከረውና በሜጫ ቀይ አፈር ላይ ለበቆሎ የሚመከረው አንድ አይደሉም። የወረዳው ባለሙያ ቁጥሩን ለቀበሌው እንዲስማማ መለወጥ ይኖርበታል። የሚለወጥ ፋይል ያስፈልጋል፤ ቴምፕሌቱም ሳይዛባ መሻገር አለበት።

ሥራው የሚጀምረው ከላኪው ነው። ቴምፕሌት የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት በቅድሚያ አንድ የዩኒኮድ ፎንት መምረጥና የፎንቱን ፋይል ከቴምፕሌቱ ጋር በአንድ አቃፊ መላክ ይኖርበታል። ለዚህ የሚመቹት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ያወጣው አቢሲኒካ ናቸው። ሦስቱም ያለ ክፍያ መገልበጥና ማሠራጨት የሚፈቅድ ፈቃድ አላቸው፤ ተገዝተው የሚገኙ ፎንቶችን ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ ማስተላለፍ አይገባም። ተቀባዩ የፎንቱን ፋይል ሁለት ጊዜ ተጭኖ «ኢንስቶል» የሚለውን ከመረጠ በቂ ነው። በዊንዶውስ በሚሠራው ፓወር ፖይንት ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲቀመጥ ማዘዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ፕሮግራሞች ይህን ሁልጊዜ ስለማያነቡት ፎንቱን ለብቻው መላክ ይሻላል።

ቴምፕሌቱ ራሱ ቀለል ያለ ቢኾን ይመረጣል። አንድ ማስተር፣ ሦስት ወይም አራት አቀማመጥ፣ አንድ ዓርማ ይበቃል። ፓወር ፖይንት ስማርት አርት እያለ የሚያቀርባቸው ያጌጡ ንድፎች በሌላው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ እንደተሠሩ ስለማይቆዩ ባይገቡ ይመረጣል። ጽሑፍ ሁልጊዜ በቴምፕሌቱ በተዘጋጀለት የጽሑፍ ቦታ ላይ እንጂ ከውጭ በተጨመረ ሳጥን ላይ አይጻፍ፤ የመጀመሪያው ከቴምፕሌቱ ጋር አብሮ ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ባለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከገጹ ቁመት ከታች በኩል አንድ አምስተኛ ያህሉን ባዶ መተው ደግሞ ለሚሰፋው ፎንት መጠባበቂያ ነው። ይህን የሚያዩ አንዳንድ ባለሙያዎች ቦታ ባከነ ይላሉ፤ በአዳራሹ ግን የሚባክነው የሚወድቀው መስመር ነው።

ሲላክም የቴምፕሌት መጨረሻ ባለው ፋይል ፋንታ በተራው የስላይድ ፋይል፣ በ«ፒፒቲኤክስ»፣ መላኩ ይበልጥ ያስተማምናል። ይህን ፓወር ፖይንት፣ ሊብሬ ኦፊስ፣ ደብሊው ፒ ኤስና ጉግል ስላይድስ ሁሉም ይከፍቱታል። ተቀባዩ ከከፈተው በኋላ በራሱ ፕሮግራም ቴምፕሌት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ተንቀሳቃሽ ምስል ካለ ፋይሉን በዚያው አቃፊ አብሮ መላክ ይገባል፤ በብዙ ፍላሾች ላይ የሚገኘው ስሙ ተጠርቶ እርሱ ራሱ የቀረ ቪዲዮ ነው።

በየቢሮው የተከማቹት አሮጌ ስላይዶች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንድ ጽሑፍ የተጻፈው በዩኒኮድ ይኹን በቀድሞው አሠራር ለመለየት ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ኖቶ ወይም ወደ አቢሲኒካ መለወጥ ነው። አማርኛ ኾኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተበተነ ግን ጭምብል የለበሰ ነበር ማለት ነው፤ ፎንት በመለወጥ ብቻ አይድንም። በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሻገር አለዚያም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። በመቀየሪያ የተሻገረውንም ቢኾን ቁጥሮቹንና ነጠላ ሰረዞቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስላይዱ በሥልጠናው ዕለት የሚታይበት ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ መከፈት አለበት። መታየት ያለበት የርእሱ ማማር ሳይኾን የእያንዳንዱ ስላይድ የመጨረሻ መስመር፣ የሠንጠረዦቹ የመጨረሻ ረድፍና ቁጥሮቹ በየዓምዳቸው ሥር መቀመጣቸው ነው።

የመስመሩ መቅረት ምልክት የለውም ለተባለው አንድ ተራ ዘዴ አለ። በርእሱ ላይ የነጥቦቹን ብዛት መጻፍና እያንዳንዱን መስመር በቁጥር መጀመር ነው። «የጸረ ተባይ አጠቃቀም፦ 5 ነጥቦች» ተብሎ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ከ1 እስከ 4 ብቻ ከታየ፣ ከፊት የተቀመጠው አርሶ አደር አምስተኛው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። በሥልጠናው መጨረሻ ፒዲኤፉን በቴሌግራም የተቀበለ ሠልጣኝም ቤቱ ኾኖ ሊቆጥረው ይችላል። የመቆያ ቀኑ ደግሞ በኬሚካሉ ዕቃ ላይ ባለው መግለጫ ላይ ይገኛል፤ ስላይዱ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ጋር ካልተስማማ ርጭቱ ከመጀመሩ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።